«ማን ነካው?»

ፋብሪካ ባለበት ሁሉ አንድ ተጠራጣሪ አለ፤ ስሙም ኤሌክትሪሽያን ይባላል። ሌላው ሠራተኛ የተበላሸ ነገር ሲያይ «ምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል። ኤሌክትሪሽያን እንዲህ ያለ የዋህ ጥያቄ አያውቅም። እሱ ዘንድ በራሱ የሚበላሽ ነገር የለም። ሽቦ በራሱ አይላላም፤ አምፖል ዕድሜው ደርሶ አይሞትም፤ ሁሉም በሰው እጅ የሞተ ነው። ስለዚህ ሬሳው ዘንድ ከመጠጋቱ በፊት ዙሪያውን የቆሙትን ለቀስተኞች አንድ በአንድ እያየ ይጠይቃል።

«ማን ነካው?»

ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ በወልዲያ መንገድ ዳር የነበረው የዘይት መጭመቂያ ይህን ጥያቄ ከፋብሪካው ፊሽካ አስበልጦ ይሰማው ነበር። ፋብሪካው የአንድ ሀብታም ነበር፤ አብዮቱ ሲመጣ ተወረሰና የሕዝብ ሆነ። ጠያቂው ግን አልተወረሱም። እሳቸው ክቡር ኑርዬ፣ የአምባሰል ተወላጅ፣ የኳድሮው በር ቀኝ አዝማች፣ የሽቦዎች ሁሉ የነፍስ አባት፣ እንደ ነበሩ ቀጠሉ። ማዕረጉን የሰጧቸው ኑግ የሚያበጥሩት ሴቶች ናቸው። ፊት ለፊት ሲሆን «ጋሼ ኑርዬ» ነው፤ ካድሬው ሲጠራቸው ደግሞ «ጓድ ኑርዬ»።

እናትነሽ ከአበጣሪዎቹ አንዷ ነበረች። ከጋሼ ኑርዬ ጋር የተዋወቀችውም እንደ ሁሉም ሰው በተጠርጣሪነት ነው። ሥራ በጀመረች ሰሞን የማበጠሪያ ክፍሉ አምፖል ድርግም ይላል። ጋሼ ኑርዬ መጡ። መሰላል አልያዙም።

«ማን ነካው?»

«አምፖሉ ጣራው ላይ ነው ጋሼ፤ በምን እንነካዋለን?» አለች እናትነሽ፣ አዲስ ናትና።

«እሱን ነው የምጠይቅሽ።»

ከዚያ እጅ ማሳየት ሆነ። ሴቶቹ ተሰልፈው መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ጋሼ ኑርዬ በጣታቸው ጀርባ እያንዳንዱን ነካ እያደረጉ አለፉ። ደረቅ እጅ የሳቸው ትልቁ ሕግ ነበር። እርጥብ እጅ ያለው ሰው በሳቸው ዓይን ወይ አጥፍቷል፣ ወይ ሊያጠፋ ነው። ችግሩ በዘይት ፋብሪካ ውስጥ ደረቅ እጅ ያለው ሰው አለመኖሩ ነበር።

«ሁላችሁም» አሉና መሰላል ሊያመጡ ሄዱ።

ከእናትነሽ ጎን የምታበጥረው ሐቢባ ናት፤ የሐይቅን ወሬ ከሐይቅ ቀድማ የምትሰማ ሴት። «ልመጂያቸው» አለቻት። «ጋሼ ኑርዬ ሰላም ሲሉሽ የሚጨብጡሽ ይመስልሻል? እየፈተሹሽ ነው።»

እውነቷን ነው። ቱታቸው ተልባ የሚቀዳበት ጆንያ ይመስላል፤ ኪሶቹ በፒንሳ፣ በካቻቢቴና በናስትሮ ያበጡ ናቸው። የኳድሮው፣ የዚያ የመብራት ማከፋፈያ ሳጥን፣ ቁልፍ አንገታቸው ላይ ከሂርዛቸው፣ ከክታባቸው ጋር ታስሯል። ቁልፉንም አያምኑትምና በኳድሮው በር ላይ ከጋቢያቸው የመዘዙትን አንድ ክር ያስራሉ፤ ክሩ ተበጥሶ ካደረ የገባ ሰው አለ ማለት ነው። ክሩንም አያምኑትምና ከበሩ ሥር አመድ ይነሰንሳሉ። አመዱ ላይ የድመት ዱካ ያገኙ ቀን ድመቷን ሲፈልጉ ዋሉ።

ወፎችን ሽቦ ላይ ሲያርፉ ካዩ ይቆጥሯቸዋል። ሐይቁን ራሱን ይጠረጥሩታል። «ይኼ ሐይቅ ተኝቶ ይመስላችኋል እንጂ» ይላሉ፣ «ጧት ጧት ይተነፍሳል። ትንፋሹ የት የሚገባ ይመስላችኋል? ኳድሮ ውስጥ።» በሐቢባ እህት ሠርግ ላይ ማሾው ደክሞ ሲጠፋ፣ ላምባው ማለቁን ሰው ሁሉ እያየ፣ ከመጅሊሱ ተነሥተው «ማን ነካው?» አሉ። ሙሽራው በሠርጉ ዕለት መዳፉን ያስፈተሸ የመጀመሪያው የወሎ ሙሽራ ሆነ።

ሐሜት አይሁንብንና፣ ብሎንም ይሰበስቡ ነበር። ብሎን የሚሰርቅ ሰው በፋብሪካው አለ ብለው ስላመኑ ቀድመው ፈትተው ኪሳቸው ይከቱታል። የሌለ ብሎን አይሰረቅም። በዚህ ዘዴ ከፋብሪካው ግማሹ ክዳን በአንድ ብሎን ተንጠልጥሎ ይኖር ነበር።

ስንት ዓመት ሙሉ ሲጠይቁ ታዲያ አንድ ሰው እንኳ «እኔ» ብሎ መልሶላቸው አያውቅም። እሳቸውም መልሱን የሚጠብቁ አይመስሉም ነበር። ጠይቀው፣ እጅ ፈትሸው፣ በአምባሰል ቅኝት እያንጎራጎሩ ሽቧቸውን ይቀጥላሉ።

ይኼ ሁሉ እንግዲህ ሳቅ ነው። የዚያ ዘመን ችግር ግን ይህችኑ ጥያቄ ሌሎች ሰዎችም መጠየቃቸው ነበር። አገሩ ሁሉ የምርት ዘመቻ ላይ ነው፤ የሚሰበር ማሽን፣ የሚፈስ ዘይት ሁሉ «አሻጥር» ይባላል። የፋብሪካው ካድሬ ጓድ ሙሉጌታ፣ ገና ጢሙ ያልጠና፣ ካኪው የጠና ወጣት ነበር። የሁለቱ ልዩነት ይኼ ነው፦ ጋሼ ኑርዬ የጠረጠሩት ሰው እጁን አሳይቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ጓድ ሙሉጌታ የጠረጠረው ሰው ደሴ ይሄዳል። «ደሴ ሄደ» ከተባለ በኋላ ስለዚያ ሰው የሚጠይቅ አልነበረም፤ ከመጋዘን ሠራተኞች አንዱ ሄዶ አልተመለሰም።

ነገሩ በሞተሩ መጣ። የመጭመቂያው አዲሱ ሞተር ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ፣ አረንጓዴ፣ እንደ ድልብ በሬ የሚያብረቀርቅ ነበር። ከደሴ ምርቱን የሚጎበኙ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ቀን ከሌት ይሠራል። አንድ ጧት ጓድ ሙሉጌታ መጥቶ ፊቱ ቆመና መታ መታ አድርጎት፣ «እንዴት ያለ ሞተር ነው እናንተ! አይደክም፣ አይታመም» አለ። አለና ሄደ።

ማሻ አላህ አላለም። ትፍ ትፍም አላለም። ዝም ብሎ አወድሶ ሄደ።

አበጣሪዎቹ ወንፊታቸውን እንደያዙ ቀሩ። በማግስቱ ሞተሩ ማቃሰት ጀመረ።

«ዓይን በላው» አለች ሐቢባ። «ወላሂ ዓይን ነው። ማሻ አላህ ሳይል ነው የሄደ።»

«ለጋሼ ኑርዬ እንንገራቸው?»

«ምን ብለሽ? እጅሽን አሳዪኝ ነው የሚሉሽ። ይኼ የካቻቢቴ ሥራ አይደለም።»

እናትነሽም እንደዚያው አሰበች። ሞተሩ እንግዶቹ ፊት ቢቆም መጀመሪያ የሚጠየቁት አጠገቡ የሚውሉት እነሱ ናቸው። ወንድሟን ልካ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ጠበል በጠርሙስ አስመጣች፤ እሷ ሴት ናትና አትገባም። ከገዳሙም ትንሽ እምነት፣ የተባረከውን አፈር፣ በወረቀት ጠቅልሎ አመጣላት። በምሳ ሰዓት፣ ሞተሩ ቆሞ ወንዶቹ ሲወጡ፣ ሁለቱ ቀሩ። መጀመሪያ ሐቢባ ቢስሚላህ ብላ ዱዓ አደረገችበት፣ እፍ እፍም አለችበት። ቀጥሎ እናትነሽ እምነቱን በጠበል አርሳ በሞተሩ ጀርባ ላይ መስቀል ሠራች፤ ከጠርሙሱም ከላይ አፈሰሰችለት። ጠርሙሱ ሥር ትንሽ ቀርቶ ነበር። ጠበል አይደፋም፤ እሱንም በጎኑ በኩል ጨመረችለት።

በጎኑ በኩል ሽቦዎቹ የሚገናኙበት ሳጥን አለ። ክዳኑ በአንድ ብሎን ተንጠልጥሏል።

ከምሳ በኋላ ሞተሩ ሲነሣ አንዴ አገሳ፤ ከጎኑ ሰማያዊ እሳት ረጨ፤ ጢስ ሆነ፤ ቤቱ ጨለመ።

ጋሼ ኑርዬ እየሮጡ መጡ። ሰው ሁሉ እንደለመደው እጁን ወደ ፊት ዘረጋ። እሳቸው ግን ማንንም አላዩም። ተንበርክከው ክዳኑን ገፋ አደረጉት፤ ጣታቸውን አስገብተው አወጡና አዩት። ጣታቸው ረጥቧል። ከዚያ ቀና ሲሉ በሞተሩ ጀርባ ላይ ያለውን የእምነት መስቀል አዩ። ረዘም አድርገው አዩት። ከኪሳቸው ጨርቅ አወጡ፤ መስቀሉን አበሱ፤ ሳጥኑንም አበሱ፤ ጨርቁን መልሰው ከተቱት። ያኔ ነው ዞር ያሉት። ዓይናቸው እናትነሽ ላይ አረፈ።

እናትነሽ እጇን ከቀሚሷ ውስጥ ደብቃ ጠበቀች።

ጋሼ ኑርዬ «ማን ነካው?» አላሉም።

በዚህ ጊዜ ጓድ ሙሉጌታ ደረሰ። «ምንድን ነው ጓድ ኑርዬ?»

«ኮንታክት አድርጎ ተቃጥሏል።»

«ማን ነካው?»

የራሳቸው ጥያቄ ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ጋሼ ኑርዬ ልጃቸውን በሰው ቤት ያገኙት ያህል ደነገጡ። «እየጠረጠርሁ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ገና አልጨረስሁም።»

«ሐሙስ ስብሰባ አለ። እስከዚያ ይጨርሱ። አንድ ስም እፈልጋለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የተጠራጣሪነቱ ሥራ ወደ እናትነሽ ተዛወረ። ጋሼ ኑርዬ በአጠገቧ ባለፉ ቁጥር አረማመዳቸውን ታጠናለች። ጧት «እንዴት አደርሽ?» አሏት፤ ለምን አሉ? ሌላ ጊዜ ብለው አያውቁም። የሁሉንም እጅ ፈትሸው የሷን ዘለሉት፤ ለምን ዘለሉት? የሷ ጉዳይ ያለቀለት ነው ማለት ነው።

«አብሽሪ» ትላታለች ሐቢባ፣ ድምፅዋ ግን ራሱ አብሽሪ የሚላት ይፈልጋል።

«ዝም ማለታቸው ነው የሚያስፈራኝ። መስቀሉን ያበሱት ለምንድን ነው? ለራሳቸው ማስረጃ ሊያስቀምጡ ነው። ጨርቁ ኪሳቸው ውስጥ ነው ያለ።»

«ያ ረቢ። ጨርቁን ረስቸው ነበር።»

እሮብ ዕለት ዘበኛው ውበቱ አንድ ወሬ አመጣ። ጋሼ ኑርዬ ከጓድ ሙሉጌታ ቢሮ ሲወጡ አይቷል፤ የመጋዘኑ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ፎቶዎችን ቆመው ሲያዩም አይቷል። ለእናትነሽ ይኼ በቂ ነበር። ሄደው ነግረዋል። ይኼ ሁሉ ዓመት «ማን ነካው?» ሲሉ ኖረው፣ አላህ በስተርጅና አንድ እውነተኛ ጥፋተኛ ሲሰጣቸው ይለቃሉ? ራሷን ልትሰጥም አሰበች፤ ግን እሷ ከተናገረች ቀጥሎ «ከማን ጋር?» ይባላል፣ ሐቢባም ትሄዳለች። እቤቷ ገብታ በሶ ቋጠረች። ደሴ ለሄደ ሰው በሶ ያደርሱለት አያደርሱለት እንደሆነ አታውቅም፤ ቢሆንም ቋጠረች።

ሐሙስ ሠራተኛው በመጋዘኑ ተሰበሰበ። ወንበር ያገኘው በወንበር፣ ያላገኘው በፋጉሎ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ጓድ ሙሉጌታ ከጠረጴዛው ኋላ ተነሥቶ፣ ስብሰባው የሂስና የግለ ሂስ መሆኑን፣ አሻጥረኛው በመካከላቸው መቀመጡን ተናገረ። ከዚያ ብዕሩን ከፈተ። «ጓድ ኑርዬ። የሚጠረጥሩትን ይናገሩ።»

ጋሼ ኑርዬ ተነሡ። ቱታቸውን አጥበው ነበር፤ ይኼም ለእናትነሽ ጥሩ ምልክት አልነበረም።

«ሂስ ከራስ ይጀምራል ተብለናል» አሉ። «ስለዚህ መጀመሪያ የምጠረጥረው ኑርዬን ነው።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀና ወዲያው አፉን ያዘ።

«ይኼ ሰውዬ የሞተሩን ክዳን ብሎን ፈትቶ ኪሱ ከቷል። ሌባ ይሰርቀዋል ብሎ ነው አሉ። ክዳኑ ተንጠልጥሎ ነው የዋለ። እኔ ይህን ሰው ከልጅነቱ አውቀዋለሁ፤ አላምነውም።» ኪሳቸው ገብተው ብሎኖቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ቃ፣ ቃ፣ ቃ አሉ።

«ስለዚህ ጥፋተኛው እርስዎ ነዎት?»

«ጠረጠርሁ ነው ያልሁ ጓድ ሙሉጌታ፤ ጨረስሁ አላልሁም።» ወደ ጆንያዎቹ ዞሩ። «ውበቱ፣ ዝናብ የመታው ካፖርት ሞተር ላይ ይሰጣል? ሞቅ ይላል ብለህ?»

ውበቱ ካፖርቱን ወደ ኋላ ደበቀ።

«የፋብሪካው ኃላፊ ሞተሩ ይረፍ ስላቸው እንግዳ እየመጣ ነው አሉ። በድካም የሚነድ የለም? እሳቸውንም እጠረጥራለሁ። አበጣሪዎቹን ሁሉ እጠረጥራለሁ፤ ከእናትነሽ እስከ ሐቢባ ደረቅ እጅ ያላት የለችም።» እናትነሽ ስሟን ስትሰማ የቋጠረችው በሶ ትዝ አላት። እሳቸው ግን ሌላውንም ሌላውንም አንሥተው እንደ ሁልጊዜው አልፈዋት ሄዱ። «ከዚያ ደግሞ ፎቶው አለ» አሉ።

«የምን ፎቶ?» አለ ጓድ ሙሉጌታ።

«ለግድግዳ ጋዜጣው የተነሡት። በግራ ክንድዎ ሞተሩን ተደግፈዋል፤ በቀኝ እጅዎ ሚሪንዳ ይዘዋል። ጠርሙሱ ክፍት ነው። ወላሂ፣ አፈሰሱት አላልሁም። ግን ጋደል ብሏል።»

ሰው ሁሉ ፎቶውን ላለማየት መሬት መሬቱን አየ። ጓድ ሙሉጌታ ራሱ ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ሄደ፤ ተጠግቶ አየ። ሚሪንዳው ጋደል ብሎ ነበር።

ሲመለስ የተቀመጠው ቀስ ብሎ ነው። ብዕሩ ክፍት ነው፣ አይጽፍም። እሱም ስም የሚጠብቅ አለቃ ደሴ ውስጥ እንዳለው፣ ያ አለቃም ፎቶ ማየት እንደሚችል፣ በመጋዘኑ ውስጥ ያላሰበ ሰው አልነበረም።

«ሌላስ?» አለ በቀጭን ድምፅ።

«ሌላ የቀረኝ ሐይቁ ነው። ጧት ጧት ይተነፍሳል። ይኼን ስንት ዓመት ስናገር የሰማኝ የለም።»

ጓድ ሙሉጌታ ብዕሩን ዘጋው። ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ጥፋቱ የአየር እርጥበት መሆኑን ወሰነ። ለጓድ ኑርዬ ስለ ብሎኖቹ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው፤ በውይይት ክበቡም ለአንድ ዓመት ፊት ወንበር ላይ እንዲቀመጡ ተፈረደባቸው። ካድሬው ሲያስተምር ዓይናቸውን ጨፍነው ያንጎራጉሩ ስለነበር ቅጣቱ የማን እንደሆነ አልታወቀም።

በዚያ ወር ደሴ የሄደው ሞተሩ ብቻ ሆነ። ሽቦው በአዲስ ተጠቅልሎለት ደግሞም ተመለሰ።

ጋሼ ኑርዬ የገጠሙት በምሳ ሰዓት ነው። የሳጥኑን ክዳን በብሎኖቹ ሁሉ አጠበቁ፤ ዙሪያውን በናስትሮ ደጋግመው ጠቀለሉ። ሲጨርሱ እናትነሽና ሐቢባ በር ላይ ቆመው አዩዋቸው።

«እኔ በሩ ላይ ነኝ» አሉ ወደ አየር። «ጀርባዬን አዙሬ ነው የምቆም፤ አንገቴን ያመኛል፣ ወደ ኋላ አይዞርልኝም። የሚረጥብ ነገር ሳጥኑ አጠገብ አይደርስም። በደረቁ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።»

ሐቢባ ዱዓዋን አደረገች። እናትነሽ እምነቱን በደረቁ፣ በጀርባው ላይ፣ ስስ አድርጋ ቀባችው። በመካከሉ ጓድ ሙሉጌታ ብቅ ሲል ጋሼ ኑርዬ ከበሩ ላይ አልተነቃነቁም።

«እንዴት ሆነ ሞተሩ?» አለ በትከሻቸው ላይ እየተንጠራራ። «ጥሩ ሞተር ነው።» ከዚያ ግራ ቀኙን አየና አሳለው። ሐቢባ በሳሉ ውስጥ ማሻ አላህ የሚል ሰምቻለሁ ብላ እስከ ዛሬ ትምላለች።

ሞተሩ ከዚያ በኋላ አልታመመም። እንግዶቹ መጡ፣ ሄዱ፤ ኑጉን ሌላ ኑግ ተካው፤ ሞተሩ ያው ነው። ይኼ ጋሼ ኑርዬን እንቅልፍ ነሣቸው። ይዞሩታል፣ ጆሯቸውን ይለጥፉበታል፣ ያሸቱታል። አንድ ቀን ግን አልቻሉም። ማበጠሪያው ክፍል በር ላይ ቆሙ።

«ይኼ ሞተር ይህን ሁሉ ጊዜ ደህና መሆኑ ልክ አይደለም» አሉ። «ማን ነካው?»

ሴቶቹ መዳፋቸውን ሊዘረጉ ሲሉ እናትነሽ ወንፊቷን አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ ጋሼ ኑርዬ።»

ጋሼ ኑርዬ እንዲህ ላለ መልስ ቀጥሎ ምን እንደሚባል አልተዘጋጁበትም ነበር። «እጅሽ ደረቅ ነበር?» አሏት።

«ደረቅ ነበር።»

አላመኗትም። ቀረብ ብለው እጇን ያዙና፣ ሞተሩ ከተቃጠለ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በጣታቸው ጀርባ ፈተሹት።